ሕግን ከችሎት አውርዶ ለሕዝብ ያስረከበው ጠበቃ

ሕግ ከሰማይ የወረደ፣ ከሰው ልጆች ኑሮና ጥቅም ተነጥሎ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ረቂቅ ነገር አይደለም። መሬት የያዘው ለመሬቱ፣ ካፒታል ያከማቸው ለካፒታሉ፣ ሥልጣን የጨበጠውም ለሥልጣኑ አጥር የሚሆነውን ሕግ ሲያወጣ መኖሩን የኅብረተሰብ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ከዚህ እውነት በመነሣት «እንግዲያውስ ሕግ ለድኻው ምኑም አይደለም፤ ችሎትም የጌቶች መነጋገሪያ ነው» ብሎ መደምደም ወደ ሌላ ስሕተት ይወስዳል። አጥሩን የሠራው ክፍል ራሱ በአጥሩ የሚያዝበት ጊዜ አለና። በወረቀት የሰፈረ መብት በነቃና በተደራጀ ሕዝብ እጅ ሲገባ ኃይል ይሆናል።

ስለሆነም መነሣት ያለበት ጥያቄ ሕጉን ማን አወጣው፣ ማን ያውቀዋል፣ ለማንስ ይሠራል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሕይወቱ የመለሰ አንድ የፊሊፒንስ ጠበቃ ነበር። ሆሴ ዲዮክኖ ይባላል። ሚኒስትር ሆኖ ከወንበሩ ተገፍቷል፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ ያለ ክስ ታስሯል፤ ከእስር ወጥቶም ጥብቅና ለሌላቸው ጠበቃ ሆኗል። የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግለሰብን ለማወደስ ሳይሆን ከተመክሮው የሚገኘው ትምህርት ለሠራተኛውም ሆነ ለሠፈር ማኅበር አባል ጠቃሚ መስሎ ስለታየን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻነቷ በግማሽ የተሰጣት አገር

ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያቀፈች የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገር ናት። ከ300 ዓመታት በላይ በስፔይን የቅኝ አገዛዝ ሥር ማቀቀች። ሕዝቧ በ1896 ዓመፅ አንሥቶ ነጻነቱን ሊጨብጥ ሲቃረብ፣ ስፔይን በ1898 በፓሪስ ውል በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበቻት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እንደ ዕቃ የተላለፈው ሕዝብ ከአዲሱ ገዥ ጋር ሌላ ደም አፋሳሽ ጦርነት ለመግጠም ተገደደ። በዚያ የነጻነት ትግል ከተሳተፉት የጦር መሪዎች አንዱ ጄኔራል አናንያስ ዲዮክኖ ነበር፤ የሆሴ ዲዮክኖ አያት ነው።

ሆሴ ዲዮክኖ በየካቲት 26 ቀን 1922 በማኒላ ተወለደ። አባቱ ራሞን ዲዮክኖ የታወቀ የሕግ ሰው ሲሆን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የበቃ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ሆሴ ዲዮክኖ የወዝ አደር ወይም የጭሰኛ ልጅ አልነበረም። የተመቸ ቤት፣ የተሟላ ቤተ መጻሕፍትና ጥሩ ትምህርት ቤት አግኝቶ ያደገ ሰው ነው። የንግድ ትምህርቱን ገና በለጋ ዕድሜው በከፍተኛ ማዕረግ ፈጸመ። በ1940 በሒሳብ አዋቂዎች ብሔራዊ ፈተና አንደኛ ወጣ። ከዚያም ሕግ ማጥናት ሲጀምር የጃፓን ወረራ ትምህርቱን አቋረጠው። በአባቱ መጻሕፍት ራሱን እያስተማረ ቆይቶ በ1944 በልዩ ፈቃድ ለጠበቆች ፈተና ተቀመጠ፤ ኋላ እንደ እርሱ ዕውቅ የሕግ ሰው ከሆነው ከሆቪቶ ሳሎንጋ ጋር እኩል ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ሆነ። በሁለቱም ሙያዎች ፈተና አንደኛ የወጣ ሌላ ሰው በአገሪቱ አልታየም።

ዕውቀት ብቻውን ግን ወገን አይመርጥም። ወጣቱ ጠበቃ የሕግን ሁለት ገጽታ የተማረው ከአባቱ በደረሰ በደል ነው። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፊሊፒንስ በጁላይ 4 ቀን 1946 ነጻነቷ ታወጀ። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ ኮንግሬስ ባወጣው የንግድ ሕግ አማካይነት የአሜሪካ ዜጎች በፊሊፒንስ መሬት፣ ደንና ማዕድን ላይ ከአገሬው ተወላጅ ጋር እኩል መብት እንዲኖራቸው ሕገ መንግሥቷ እንዲሻሻል ተጠየቀ። በጦርነት የወደመችው አገር ከ500 ዶላር በላይ የሆነ የጉዳት ካሳ የሚከፈላት ይህን ስትቀበል ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የተራበን ሰው እንጀራ አሳይቶ ርስቱን ማስፈረም ማለት ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በሁለቱም ምክር ቤቶች የሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ይህ ድምፅ እንደማይገኝ በታወቀ ጊዜ በምርጫ ያሸነፉ ሦስት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት «ምርጫው በማጭበርበርና በሽብር የተካሄደ ነው» ተብሎ ወንበራቸውን እንዳይዙ ታገዱ። ከሦስቱ አንዱ ራሞን ዲዮክኖ ነበር። ከተወካዮች ምክር ቤትም በገበሬዎች ድጋፍ የተመረጡ አባላት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰባቸው። የታገዱት ቢቆጠሩ ኖሮ ማሻሻያው ሊያልፍ ባልቻለ ነበር። ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ «ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ አያገባንም» የሚል መልስ ሰጠ። በማርች 1947 ማሻሻያው በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። በዚያው ወር ደግሞ የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ምድር ለ99 ዓመታት የጦር ሠፈር እንዲኖረው የሚፈቅድ ስምምነት ተፈረመ። የነጻነቷ ቀለም ሳይደርቅ የሆነው ይህ ነበር።

ሚኒስትሩና ባለሀብቱ

ዲዮክኖ በጥብቅና ሥራው ስሙ እየገነነ ሄዶ በጃንዋሪ 1962 በፕሬዚዳንት ዲዮስዳዶ ማካፓጋል መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በሥልጣን ላይ የቆየው ግን ለ5 ወራት እንኳ አልሞላም። ለምን?

ሃሪ ስቶንሂል የተባለ አሜሪካዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ሠራዊት ጋር ገብቶ እዚያው በመቅረት በትንባሆ፣ በመስተዋትና በሌሎችም ሥራዎች ከፍተኛ ሀብት አከማችቶ ነበር። ሀብቱ የተገነባው በላብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ባለሥልጣኖችን በጉቦ እንደያዘ ይወራ ነበር። በማርች 3 ቀን 1962 በዲዮክኖ መሪነት የመንግሥት መርማሪዎች የስቶንሂልንና የተባባሪዎቹን ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች ፈተሹ። በጠቅላላው 42 የመፈተሻ ትእዛዞች ወጥተው በርካታ ሰነዶች ተያዙ። በነዚያ መዝገቦች ውስጥ ከላይ እስከ ታች የፖለቲከኞች ስም መገኘቱ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የአንድን መንግሥት እውነተኛ ባሕርይ የሚያሳይ ነው። በጉቦ ተቀባይነት የተጠረጠሩት ለፍርድ ሳይቀርቡ መርማሪው ሚኒስትር በሜይ ወር ከሥልጣኑ እንዲለቅ ተደረገ። ስቶንሂልም በዚያው ዓመት ለፍርድ ሳይቀርብ ከአገር ተባረረ። ዲዮክኖ በወቅቱ ያነሣው ጥያቄ አጭር ነበር። አባላሹን አሰናብቶ የተበላሹትን እንዴት መክሰስ ይቻላል? ምስክሩና ማስረጃው አብሮ ተሸኝቷልና መልስ አልተገኘም።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። ባለሀብቱና ተባባሪዎቹ ቀደም ሲል በፍተሻው ላይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመልክተው ነበር። ፍርድ ቤቱ በጁን 19 ቀን 1967 ውሳኔውን ሰጠ። የመፈተሻ ትእዛዞቹ የትኛው ወንጀል እንደተፈጸመ ለይተው ያልገለጹ፣ መርማሪው የፈለገውን እንዲያግበሰብስ የሚፈቅዱ ጅምላ ትእዛዞች ስለነበሩ ሕገ ወጥ ናቸው አለ። ከመኖሪያ ቤቶች በዚህ መንገድ የተወሰደ ሰነድም በማስረጃነት እንዳይቀርብ ከለከለ። ውሳኔው «ስቶንሂል በዲዮክኖ ላይ» በሚል ስም ዛሬም የፊሊፒንስ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ የሚያጠኑት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ዲዮክኖ የተነሣለት ዓላማ ሕዝባዊ ነበር፤ የተጠቀመበት መሣሪያ ግን ገደብ የሌለው የመንግሥት ኃይል ነበር። ያን ጊዜ በኃይሉ የተነካው ከበርቴ ነበርና ብዙው ሰው አጨበጨበ። ይሁን እንጂ የማንንም ቤት በጅምላ ትእዛዝ መክፈት የሚችል መንግሥት ነገ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። በፊሊፒንስ ያ «ነገ» ከ10 ዓመት በኋላ መጣ። የተንኳኳውም የዲዮክኖ የራሱ በር ነበር።

ከምክር ቤት ወደ እስር ቤት

ከሚኒስትርነቱ የተገፋው ዲዮክኖ በ1963 በሕዝብ ድምፅ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1969 በድጋሚ ተመረጠ። በምክር ቤቱ ውስጥ ያተኮረው በኢኮኖሚ ነጻነት ላይ ነው። የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪን ለማበረታታት በ1967 የወጣውን ሕግና በውጭ ኩባንያዎች እጅ የነበረውን የነዳጅ ንግድና ዋጋ ለመቆጣጠር በ1971 የወጣውን ሕግ በማመንጨትና በማስጸደቅ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

የዚያ ዘመን ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ነበር። በ1965 ተመርጦ በ1969 ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሦስተኛ ዘመን ሊኖረው አይችልም፤ የሥልጣን ጊዜው በ1973 መጨረሻ ያበቃ ነበር። በገጠር ጭሰኛው የመሬት ጥያቄ ያነሣል፤ በከተማ ተማሪውና ሠራተኛው አደባባይ ይወጣል። በኦገስት 21 ቀን 1971 በማኒላ ፕላዛ ሚራንዳ በተቃዋሚው ፓርቲ ስብሰባ ላይ ቦምብ ተጥሎ 9 ሰዎች ሲሞቱ፣ ማርኮስ የታሰረ ሰው ወደ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚያስገድደውን መብት አገደ። ዲዮክኖ የማርኮስ ፓርቲ አባል ነበር። ይህን እርምጃ በመቃወም ፓርቲውን ለቆ ወጣ፤ ለዜጎች መብት የቆመውን ንቅናቄ በመምራት ሰልፈኞችን አሰባሰበ።

በሴፕቴምበር 1972 ማርኮስ ወታደራዊ አስተዳደር አወጀ። በ23ኛው ቀን ሌሊት ወታደሮች ዲዮክኖን ከቤቱ ወሰዱት። ያለ ዳኛ ፊርማ፣ በመከላከያ ሚኒስትሩ ትእዛዝ ብቻ ሰው የሚያዝበትና ቤት የሚፈተሽበት ሥርዓት ተዘረጋ። ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ ጋዜጦች ታገዱ። ዲዮክኖ ለሁለት ዓመት ያህል ሲታሰር አንድም ክስ አልቀረበበትም። በ1973 እርሱና ሌላው የምክር ቤት አባል ቤኒግኖ አኪኖ ዓይናቸው ታስሮ በሄሊኮፕተር ላውር ወደተባለ ሥፍራ ተወስደው ለአንድ ወር ያህል ለየብቻ ተዘጉ። የግል ዕቃቸው ለቤተሰቦቻቸው ሲመለስ ሚስቶቻቸው ባሎቻችን ተገድለዋል ብለው ሠጉ። ሁለቱ እስረኞች ግን በሕይወት መኖራቸውን እርስ በርስ የሚያረጋግጡት እየዘመሩ ነበር።

በዚህ የእስር ጊዜ ዲዮክኖ የፈጸመው አንድ ተግባር በተለይ መታወስ ይገባዋል። እስሩ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመልክቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ውሳኔ ጠበቀ። በዚህ መካከል ዳኞቹ ማርኮስ ባጸደቀው በአዲሱ የ1973 ሕገ መንግሥት ምለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ዲዮክኖ ማመልከቻውን ለማንሣት ጠየቀ፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ቤት ፍትሕን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። ሕግን ከማንም በላይ የሚያከብር ሰው የሕግን ካባ ለብሶ ለሚፈጸም ሕገ ወጥነት ምስክር ሆኖ መቆምን እምቢ አለ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1974፣ በማርኮስ የልደት ቀን፣ ከእስር ተለቀቀ። እንደ ገባ ያለ ክስ ወጣ።

ለአንዱ ድኻ ወይስ ለድህነቱ መንሥኤ?

ዲዮክኖ ከእስር ሲወጣ ምክር ቤት የለም፤ ነጻ ጋዜጣ የለም፤ ሰልፍ ክልክል ነው። ከአንጋፋው የሕግ ሰው ከሎሬንዞ ታኛዳና ከጆከር አሮዮ ጋር በመሆን በዚያው በ1974 ነጻ የሕግ ርዳታ ቡድንን መሠረተ። ጠበቆቹ ያለ ክፍያ ለፖለቲካ እስረኞች፣ ለሠራተኞችና ለገበሬዎች የሚቆሙ ነበሩ።

ሥራው እንዴት ያለ እንደነበር ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። ቶንዶ በማኒላ ወደብ ዳር ያለ፣ ወደብ ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪውና ሥራ ፈላጊው ተጨናንቆ የሚኖርበት ድኻ ሠፈር ነው። ነዋሪዎቹ በ1970 ዞቶ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የሠፈር ማኅበር አቋቁመው «መኖሪያችን አይፍረስ፤ መሬቱ ይሰጠን» እያሉ ይታገሉ ነበር። በኦገስት 1975 ማርኮስ ባወጣው ድንጋጌ በሌላ ሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ጎጆ መቀለስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 5,000 ፔሶ መቀጫ የሚያስከትል ወንጀል ሆነ። መጠለያ ማጣት ወንጀል ሆነ ማለት ነው። በኤፕሪል 1977 የማኅበሩ መሪ ትሪኒዳድ ኤሬራ ተይዛ በኤሌክትሪክ ተሠቃየች፤ የተለቀቀችው በአገር ውስጥና በውጭ ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ነው።

የፋብሪካው ኑሮም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በኦክቶበር 24 ቀን 1975 በዚያው በቶንዶ ላ ቶንዴኛ በተባለው የመጠጥ ፋብሪካ ሠራተኞች በወታደራዊው አስተዳደር ዘመን የመጀመሪያውን ግልጽ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጥያቄያቸው ለዓመታት በጊዜያዊነት የሚሠሩ ሰዎች ቋሚ ይሁኑ የሚል ነበር። መልሱ ወታደርና እስር ሆነ፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ላይም አድማን በመላ አገሪቱ የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት መጨረሻ ካነጋገራቸው 107 እስረኞች 71 የሚሆኑት ሥቃይ እንደ ተፈጸመባቸው ገልጸዋል።

እንግዲህ ጠበቃ በእንዲህ ያለ አገር ምን ይሠራል? ዲዮክኖ ከልምዱ ተነሥቶ ሁለት ዓይነት የሕግ ርዳታ እንዳለ አስተማረ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም በጽሑፍ አብራራው። አንደኛው የተለመደው ነው። ድኻው ጠበቃ መቅጠር ስለማይችል በነጻ ይቆሙለታል። ጉዳዩ ሲያበቃ ይሰናበታል። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሕጉን እንዳለ ይቀበላል፤ ድኻውንም እንደ ተመጽዋች ያያል። ሁለተኛው «ለዕድገት የሚሠራ የሕግ ርዳታ» ብሎ የሰየመው ነው። ይህኛው በደሉ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል።

በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ጭሰኛ ከእርሻው ተባረረ እንበል። በተለመደው መንገድ ጠበቃው ተከራክሮ ያስመልሰዋል፤ በዓመቱ ጎረቤቱ ይባረራል፤ በሁለተኛው ዓመት እርሱም ተመልሶ ይባረራል። በሁለተኛው መንገድ ግን ጠበቃው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ስንቶቻችሁ ተባረራችሁ? ውል አላችሁ? ሕጉ ምን ይላል? ሕጉ ራሱ የተጣመመ ከሆነስ እንዴት ይለወጣል? ብሎ ይጠይቃል። ክሱ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የማኅበር ይሆናል። ከችሎቱ ጎን አቤቱታ፣ ስብሰባና ሰልፍ ይኖራል። ጠበቃው አዛዥ ሳይሆን የሙያ ባልደረባ ይሆናል፤ ውሳኔው የባለጉዳዮቹ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ክስ ቢሸነፍ እንኳ የመንደሩ ሰው አንድ ነገር ያተርፋል፤ መብቱን ያውቃል፣ ጎረቤቱንም ያውቃል።

ቀጥ ያለ ነገር

የማርኮስን መንግሥት የሚደግፉ ምሁራን «ሰብአዊ መብት የምዕራባውያን ቅንጦት ነው፤ ለእስያ ድኻ የሚያስፈልገው እንጀራ ነው፤ ዕድገት እስኪመጣ መብት ይቆይ» የሚል ክርክር ያቀርቡ ነበር። ይህ ክርክር በፊሊፒንስ ብቻ የተሰማ አይደለም፤ በየአህጉሩ የተለያየ ቀለም ለብሶ ተሰምቷል። ዲዮክኖ አልተቀበለውም። መናገር የተከለከለ ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀነስ ምን ብሎ ይከራከራል? መሰብሰብ የተከለከለ ገበሬ መሬቱ ሲወሰድ ከማን ጋር ይመክራል? እንጀራና ነጻነት የሚፎካከሩ ሳይሆኑ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም መሆኑን አስረዳ።

መብት ከውጭ የመጣ አይደለም የሚለውንም ከሕዝቡ ቋንቋ አስመሰከረ። በታጋሎግ ቋንቋ ፍትሕ «ካታሩንጋን» ይባላል፤ ሥሩ በቪሳያስ ደሴቶች ቋንቋ «ታሮንግ» የሚለው ቃል ሲሆን ትርጓሜውም ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ፣ ትክክል ማለት ነው። መብት ደግሞ «ካራፓታን» ሲሆን ሥሩ የሚገባ፣ የተስተካከለ የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ ፍትሕ ማለት ገዥ የሚሰጠው ችሮታ ሳይሆን የተጣመመውን ማቅናት ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አባቶቻችን «ፍትሕ ርትዕ» ሲሉ ርትዕ ማለት በግዕዝ ቀጥ ማለት፣ መቅናት ነው። በባሕር የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች ፍትሕን በአንድ ምስል ማየታቸው የነገሩን ሥር ያሳያል፤ የተበደለ ሰው የትም ቢሆን የሚጠይቀው የተጣመመው እንዲቃናለት ነው።

በወዳጅ መንግሥት ፊት

አኪኖ በኦገስት 21 ቀን 1983 ከስደት ሲመለስ በማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ከተገደለ በኋላ የሕዝቡ ቁጣ ገነፈለ። በዚያው ዓመት ዲዮክኖ የአሜሪካን የጦር ሠፈሮች የሚቃወመውን ኅብረት አቋቁሞ በሊቀመንበርነት መራ። በፌብሩዋሪ 1986 ሕዝቡ በማኒላ ኤድሳ ጎዳና ለአራት ቀናት ወጥቶ ማርኮስን ከሥልጣን አባረረ። የሟቹ ባለቤት ኮራዞን አኪኖ ፕሬዚዳንት ሆነች። ዲዮክኖ አዲስ የተቋቋመው የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ተሾመ፤ ከትጥቅ ትግል ኃይሎች ጋር በሚደረገው የሰላም ድርድርም በመንግሥት ወገን ተመደበ። ያን ጊዜ የሳንባ ካንሰር ይዞት ነበር።

የአንድ ሰው አቋም በጠላቱ ፊት ይፈተናል፤ ይበልጥ የሚፈተነው ግን በወዳጁ ፊት ነው። በጃንዋሪ 22 ቀን 1987 በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎችና ደጋፊዎቻቸው እውነተኛ የመሬት ማሻሻያ ለመጠየቅ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲያመሩ፣ ሜንዲዮላ በተባለው ሥፍራ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ቢያንስ 12 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። መንግሥቱ የዲዮክኖ የራሱ ወገኖች መንግሥት ነበር። አዲስ ነው፤ ጊዜ ይሰጠው፤ ጠላት ደስ እንዳይለው ዝም ይባል የሚል ምክንያት አልጠፋም ነበር። ዲዮክኖ ግን ሹመቶቹን በሙሉ ለቀቀ። የገበሬ ደም በማርኮስ ወታደር ቢፈስም በአኪኖ ወታደር ቢፈስም ያው የገበሬ ደም ነው የሚል ነበር የድርጊቱ ትርጓሜ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1987፣ 65ኛ ዓመቱን በደፈነ ማግሥት አረፈ። በዚያው ወር መጀመሪያ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ነገር ለማስረጃ እንዳይቀርብ ደነገገ፤ ነጻ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እንዲቋቋምም አዘዘ። በ1967 የቀድሞውን ሚኒስትር ያሸነፈው መርሕ የአገሪቱ ዜጋ ሁሉ ጋሻ ሆነ።

ምን ቀረ? ምን እንማራለን?

ሚዛናችን ትክክል እንዲሆን ያልተፈጸመውንም መናገር ይገባል። የሜንዲዮላ ሟቾች ቤተሰቦች ካሳ ቢጠይቁም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 መንግሥት ያለ ፈቃዱ ሊከሰስ አይችልም ሲል ወሰነ። የአሜሪካን የጦር ሠፈሮች ውል የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሴፕቴምበር 16 ቀን 1991 በ12 ለ11 ድምፅ ውድቅ አድርጎ፣ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች በኖቬምበር 1992 ከሱቢክ ወጡ። ይሁንና በ2014 በተፈረመ ሌላ ስምምነት የአሜሪካ ጦር በተመረጡ የፊሊፒንስ ሠፈሮች እየተፈራረቀ እንዲገኝ ተፈቅዷል፤ በ2023 የሠፈሮቹ ቁጥር ከ5 ወደ 9 ከፍ ብሏል። መጠለያ አልባነትን ወንጀል ያደረገው ድንጋጌ ደግሞ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ተሽሯል። በ2013 በወጣ ሕግ መሠረት በማርኮስ ዘመን የሰብአዊ መብት ጥሰት የደረሰባቸው 11,103 ሰዎች በመንግሥት ታውቀው ካሳ ተወስኖላቸዋል። የመሠረተው የጠበቆች ቡድንም ዛሬ ድረስ አለ፤ በ2016 በተጀመረው የአደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ልጆቻቸውና ባሎቻቸው ለተገደሉባቸው ድኻ ቤተሰቦች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሯል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እናጠቃልላለን። አንደኛ፣ ከላይ በተሾመ አንድ ቅን ሰው የሚሠራ ፍትሕ ያው ከላይ በተጻፈ አንድ ደብዳቤ ይሻራል። ዲዮክኖ በሚኒስትርነቱ ከ5 ወር በታች ቆየ፤ ያለ ሥልጣን፣ ከሕዝብ ጋር ሆኖ ግን ከ10 ዓመት በላይ ሠራ፤ ሥራውም ከእርሱ በኋላ ዘለቀ። ሁለተኛ፣ በማንጠላው ሰው ላይ ሲደርስ የምንቃወመው በደል በምንጠላው ሰው ላይ ሲደርስም ልንቃወመው ይገባል፤ የጅምላ ትእዛዝ በከበርቴው ደጅ ጀምሮ በሠራተኛው ደጅ ይጨርሳልና። ሦስተኛ፣ መብት የሚጠበቀው በሚያውቁት ሰዎች ቁጥር ልክ ነው። አንድ ጠበቃ ሊታሰር ይችላል። የመኖሪያ ውሉን፣ የሥራ ውሉን፣ የማኅበሩን ደንብና አቤት የሚልበትን ሥፍራ ለይቶ የሚያውቅን ሠፈር በሙሉ ማሰር ግን አይቻልም።

ስለዚህ በየሠፈሩና በየፋብሪካው የሚገኝ የማኅበር አባል ሕግን ለተማሩ ሰዎች ብቻ የተተወ ምሥጢር አድርጎ መመልከቱን መተው አለበት። ስለ ደመወዝና ስለ መባረር፣ ስለ ቤትና ስለ ቦታ የሚናገረው አንቀጽ በስብሰባ ይነበብ፤ ያልገባው ይጠይቅ፤ የገባው ያስረዳ፤ በደል ሲደርስ ቀኑና ሁኔታው ይጻፍ፤ አንዱ ሲጠቃ ሌላው የኔ አይደለም አይበል። የተጣመመውን ማቅናት የሚጀመረው ከዚህ ነው።